የ‹‹ስምንት ደቂቃ›› የሕይወት ታሪክ

ፎቶ አንሺው ማክሰኞ ጠዋት ውሃ ዳር ሞቱ። አልሰጠሙም። ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቀጥ አለ። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ የተጻፈው ሰፈሩ ከማክሰኞ ጀምሮ ‹‹ባሕሩ ሁለተኛውንም ወሰደው›› እያለ ስለሆነ ነው። ባሕሩ አልወሰዳቸውም። አሁን እንደ ደንቡ ከልደታቸው እንጀምር።

የተወለዱት የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት፣ ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባታቸው የመጠገኛው በያጅ ነበሩ። እናታቸው የጀልባ ሸራ ይሰፉ ነበር። እሳቸው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ እህታቸው ተወለደች። እሳቸው አስራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ታናሽ ወንድማቸው መጣ። እናታቸው ‹‹ሁለቱን ለአባታችሁ ወለድኩለት፤ ይሄኛው የራሴ ነው›› እያሉ ይቀልዱ ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለዋል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ‹‹ጎበዝ ተማሪ ነበሩ›› ማለት የተለመደ ነው። አልነበሩም። በመስኮት ያዩ ነበር። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያቸው ካርዳቸው ላይ ‹‹ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም›› ብለው ጽፈዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ በኩል ምንም መሻሻል አላሳዩም።

በአስራ ዘጠኝ ዓመታቸው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሚሽከረከር በርጩማ፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ። ‹‹አገጭ ቀና። ትከሻ ዝቅ። አይተንፍሱ።›› የዚህ ከተማ ግማሽ ሕዝብ መታወቂያው ላይ የደነገጠ የሚመስለው እሳቸው አይተንፍሱ ብለው መተንፈስ ይቻላል ማለት ስለሚረሱ ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሲያረጁ ሱቁን ለእሳቸው ተዉላቸው። እንጀራቸው ከዚያ ነበር። ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው አረፉ። ሌላው ሰው ስለ ቤቱ ሲነጋገር እሳቸው የአባታቸውን የብየዳ ጭምብል አንስተው ጥቁሩን መስታወት ነቀሉና በላስቲክ ካሜራቸው አፍ ላይ አሰሩት። እህታቸው አብደዋል ብላ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የብየዳ መስታወት ፀሐይን ራሷን ያጨልማል። በእሱ ውስጥ አንድ ፎቶ እንዲወጣ ሻተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ስምንት ደቂቃ ተከፍቶ መቆየት አለበት። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ማዕበሉ ይተኛል፣ ውሃው ወተት ይሆናል፣ ደመናው ይጎተታል። የሚንቀሳቀስ ነገር በሙሉ ይጠፋል። ወፍ፣ ውሻ፣ የሚራመድ ሰው፣ የሚያልፍ ጀልባ፣ አንዱም አይወጣም። የሚወጣው የቆመ ብቻ ነው።

እሳቸውም የቆመ ነገር ፈለጉና የፈረሰውን የድሮ ጀልባ ማቆሚያ አገኙ። ውሃው ውስጥ የቀሩትን ምሰሶዎች ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አነሱ። መጀመሪያ ሰባት ነበሩ። ማለዳ ወይ እኩለ ቀን፣ ዝናብም ሆነ ጉም፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ስታንዳቸውን ይተክላሉ፤ ካዩ በኋላ መስታወቱን ያስራሉ፤ መስታወቱ ከታሰረ በኋላ በካሜራው ምንም አይታይምና ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ እሳቸውን ማናገር ክልክል ነው። ሰላም ያላቸውም መልስ አያገኝም። ስም ያወጣላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ‹‹ስምንት ደቂቃ›› አላቸው፤ ሰፈሩ ተቀበለው፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

በሠላሳ ዓመታቸው የፖስታ ቤት ሠራተኛ አገቡ። በሰርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ብቻዋን ናት፤ ሙሽራው ካሜራው ጀርባ ነው ያለው። አምስት ዓመት አብረው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ስትሄድ ለእህታቸው ‹‹ሌላ ሴት ቢኖረው እጣላት ነበር። ከባዶ ውሃ ጋር ምን ብዬ ልጣላ?›› አለቻት። ቂም አልያዘችም። ዛሬም እዚህ ተገኝታለች፤ እናመሰግናለን። እሳቸውም ጓዛቸውን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ፎቶዎቻቸው ለሁለት ሳምንት ተሰቅለው ነበር። አንድ ጎብኚ ‹‹ሰዎቹ የት ሄዱ?›› ብሎ ቢጠይቃቸው ‹‹እየሄዱ ነበር›› ብለው መለሱለት። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ማንም አላገኘም።

አሁን ወደ ወንድማቸው እንመጣለን።

ታናሽ ወንድማቸው ጀልባ ነጂ ነበር። ሰውና ዕቃ ወደ ማዶ ያሻግራል። ሳቁ ከሞተሩ በላይ ይሰማል። በምሰሶዎቹ በኩል ባለፈ ቁጥር ‹‹ጌታው! ዛሬስ ውሃው ፈገግ አለልህ?›› ይላቸዋል። ወይም ሆን ብሎ ጀልባውን ምሰሶዎቹ ላይ ያስርና ሻይ ይጠጣል። የቆመ ነገር እንደሚወጣ ያውቃላ። ይሰዳደባሉ፤ ይሳሳቃሉ። ፎቶ አንሺው ከእሱ ጋር ሲሆኑ ብቻ ብዙ ያወራሉ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ጉም ወረደ። ለፎቶ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ምሰሶዎቹ አራት ቀርተዋል፤ ሰማይና ውሃ አይለዩም። ወንድማቸው መጣና ጀልባውን መሐል ላይ አሰረ።

‹‹ከፊቴ ዘወር በል›› አሉት።

‹‹ገና ሻዬን አልጨረስኩም።››

‹‹ጉሙ ይነሳል አንተ! ዘወር በል አልኩህ።››

‹‹ለስምንት ደቂቃ ብቻ?››

‹‹ለስምንት ደቂቃ ብቻ።››

‹‹እሺ ጌታዬ። በቋጥኙ ጀርባ ዞሬ እመጣለሁ።››

ከማቆሚያው ራቅ ብሎ ባለው በዚያ ቋጥኝ ጀርባ ውሃው ስውር ድንጋይ አለበትና በጉም የሚሄድ ጀልባ ነጂ የለም። እሱ ሄደ። እሳቸው መስታወቱን አስረው ሻተሩን ከፈቱ። የሞተሩ ድምፅ ራቀ፤ ከዚያ ቆመ። ሰምተዋል። ዞሮ አጥፍቶት ነው ብለው ስምንቱን ደቂቃ ጨረሱ።

ጀልባው በማግስቱ ተገልብጦ ተገኘ። ወንድማቸው አልተገኘም። አስራ አንድ ቀን ተፈለገ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን ፎቶ እንከን የለበትም።

እናታቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ‹‹በቋጥኙ በኩል ማነው የላከው?››

‹‹እኔ ነኝ፣ እማዬ። ከፊቴ ዘወር በል አልኩት።››

መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። ከዚያ ቀን በኋላ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ እናታቸው ‹‹ሻይ አለ›› እና ‹‹በሩን ዝጋ›› ከማለት በቀር ለእሳቸው ቃል አላወጡም። በቁጣ አልነበረም። እንደ ዕቃ ያልፏቸው ነበር።

ዓመቱ ሲደርስ ፎቶ አንሺው ‹‹ሰዓቱን ያዢልኝ›› ብለው እህታቸውን ወደ ውሃው ወሰዷት። ስታንዱን ተከሉ፤ ሻተሩን ከፈቱ። በሦስተኛው ደቂቃ ከወንበራቸው ተነሱና ከነልብሳቸው ወደ ውሃው ገቡ። ቀጥ ብለው፣ በካሜራው ፊት።

‹‹ጋሼ! ፊልሙ!››

አልሰሙም። ጀልባው ይታሰርበት የነበረው ቦታ ሲደርሱ ወገባቸው ድረስ ሰምጠው ቆሙ። ወደ ቋጥኙ እያዩ ሦስት ደቂቃ አልተነቃነቁም። ከዚያ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ስምንት ሲሞላ ሻተሩን ዘጉ። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር።

‹‹ምን ሆነህ ነው?››

‹‹ሞተር የሰማሁ መሰለኝ።››

‹‹ፊልሙ ተበላሸ እኮ።››

‹‹ይበላሽ።››

ፊልሙን ግን አጠቡት። ፎቶው ላይ አራት ምሰሶ አለ፣ ወተት የመሰለ ውሃ አለ፣ በምሰሶዎቹ መሐል ደግሞ ጭስ የሚመስል ሰው አለ። ትከሻ አለው። ፊት የለውም። ምሰሶው በደረቱ ውስጥ ያልፋል። ጨለማ ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ እንዲደርቅ ወጥ ቤት፣ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ሰቀሉት። እናታቸው ውሃ ሊቀዱ ገቡ።

ኩባያውን አስቀመጡ። ‹‹መጣ›› አሉ።



‹‹የኔ ልጅ። እዩት፣ ቆሟል እኮ። ጀልባውን የሚያስርበት ቦታ ላይ ቆሟል።››

ፎቶ አንሺው አፋቸውን ከፈቱ። የዚያኑ ጊዜ እናታቸው ዞረው በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አዩ። ‹‹አንተ ነህ ያመጣኸው›› አሏቸው። ‹‹እጅህ ይባረክ።››

አፋቸውን መልሰው ዘጉ። በዚያን ቀን እናታቸው ምግብ ጠይቀው በሉ። እህታቸው ፎቶ አንሺውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

‹‹ንገራት።››

‹‹ነገ።››

‹‹ነገ ይከብድሃል። ዛሬ ንገራት።››

‹‹ዛሬ ትብላ።››

እህታቸው መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየዓመቱ ጠየቀቻቸው፤ በኋላ ተወችው። ራሷም ሄዳ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ነገ የተባለው ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ።

ፎቶው ፍሬም ገባና በእናታቸው አልጋ ትይዩ ተሰቀለ። በየማለዳው እናታቸው ቁጭ ብለው ‹‹እንዴት አደርክ፣ የኔ ልጅ? በረደህ?›› ይሉታል። ስለ ጉልበታቸው ይነግሩታል። የሰፈሩ ሰው እየመጣ አየው፤ ያለቀሰም አለ፤ ‹‹ባሕር የመለሰው ልጅ›› የሚል ስም የሰጠውም አለ። በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ የሰሙት ፎቶ አንሺው ናቸው። ለእሳቸው የሚነገራቸው ያው ‹‹ሻይ አለ›› ነበር። የፎቶው ደስታ ወደ እሳቸው የተሻገረው ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

ውሃ ዳር መሄዱን አልተዉም። ምሰሶዎቹ ሦስት ሆኑ፣ ሁለት ሆኑ፣ አለቁ። እሳቸው ባዶውን ማንሳት ቀጠሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፎቶዎቻቸው ከላይ ግራጫ፣ ከታች ሌላ ግራጫ፣ መሐል ላይ አንድ መስመር ነበሩ። እህታቸው ‹‹ይሄንንማ እኔም በእርሳስ እሠራዋለሁ›› ብትላቸው ሳቁ። ‹‹ስምንት ደቂቃ መቀመጥ አትችይም›› አሏት። እውነታቸውን ነው።

እያንዳንዱን ፎቶ ካጠቡ በኋላ በአጉሊ መነጽር ከዳር እስከ ዳር ይመረምሩታል። ‹‹እስቲ አንቺም እዪልኝ፤ ዓይንሽ ይሻላል›› ይላሉ። ምን እንደሚፈልጉ አይናገሩም። የሚሄድ ጀልባ በዚያ መስታወት እንደማይወጣ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም። ከዘጠኝ መቶ በላይ ኔጋቲቭ ትተዋል። ሁሉንም መርምረውታል።

ሕመማቸው የልብ ነበር፤ ሦስት ዓመት ታክመውበታል። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይሸከሙ ሲያዟቸው ስለ ስታንዱ ‹‹እሱ ከባድ አይደለም፣ ረጅም ነው›› ብለው ተከራከሩ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስታንዱን ተክለው፣ ሻተሩን ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዓሣ አጥማጆቹ አልፈው ሄዱ። ሰላም አላሏቸውም፤ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ። መረብ ጠጋኙ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ሥራቸውን ሠሩ። ሰው ሁሉ ስምንት ደቂቃው እስኪያልቅ ጠበቀ። አራት ሰዓት ላይ መረብ ጠጋኙ ‹‹ዛሬስ አበዙት›› ብለው ትከሻቸውን ነኩ። ያን ጊዜ ታወቀ።

ስለ መጨረሻው ፊልም የምትጠይቁ አላችሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሏል። ምንም የለበትም። አትጠይቁ።

የሰማንያ አራት ዓመት እናታቸውን፣ እህታቸውንና ሁለት ልጆቿን ትተው አልፈዋል። የቀድሞ ባለቤታቸውን፣ መረብ ጠጋኙንና ያጽናናችሁንን ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ውሃ ዳር ያሳርፍ፤ የሚጠብቁትንም ያምጣላቸው።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን የያዛችሁት ወረቀት ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ አይታችሁ ‹‹የወንድሙን ፎቶ ምን አመጣው?›› ትላላችሁና፣ ረቡዕ የሆነው ይነገር።

ረቡዕ ጠዋት እህታቸው ስትገባ እናታቸው ፎቶውን ራሳቸው ከምስማሩ አውርደው ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር።

‹‹ይሄ ከሱ ጋር ይግባ›› አሉ። ‹‹አንዱን ሳልቀብር ሃያ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሁለቱን ባንድ ጉድጓድ ልቅበርና ይውጣልኝ።››

‹‹አይሆንም፣ እማዬ።››

‹‹ለምን?››

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የተቻለ ነገር አንድ ቀን ቢጨመርበት አያቅትም። ግን ፎቶው ከገባ ፎቶ አንሺው በወንድማቸው ስም አፈር ሊለብሱ ነው፤ ከእሳቸው ደግሞ ሌላ መልክ አልተረፈም። የመታወቂያ ፎቶ አላቸው። ፖሊስ የሚፈልጋቸው ነው የሚመስሉት።

‹‹ታናሹ አይደለም›› አለች እህታቸው። ‹‹ትልቁ ነው። ሻተሩ ተከፍቶ ሳለ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።››

እናታቸው ፍሬሙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ራቅ አደረጉት። እንደገና አስጠጉት።

‹‹ውሃ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?››

‹‹ሊፈልገው። ሞተር የሰማ መስሎት።››

‹‹በልብሱ?››

‹‹በልብሱ።››

‹‹ስንት ቆመ?››

‹‹ሦስት ደቂቃ። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።››

‹‹እሱ እኮ ብርድ አይችልም›› አሉ እናታቸው። ‹‹ከልጅነቱም አይችልም።››

ውጭ ሰዎች ወንበር ይደረድሩ ነበር። በመጨረሻ ‹‹ታዲያ በየማለዳው እንዴት አደርክ የምለው እሱን ነበራ?›› አሉ። ‹‹በቁሙ ባጠገቤ ሲያልፍ ሻይ አለ እያልኩ?››

‹‹ይሰማሽ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እስክትጨርሺ ይጠብቃል።››

‹‹ዝም ብሎ?››

‹‹‹ደህና ነኝ፣ እማዬ› ይላል። በቀስታ። ከዚያ ነው የሚወጣው።››

እናታቸው የፍሬሙን መስታወት በመዳፋቸው ጠረጉ። ደጋግመው ጠረጉት። ከዚያ ለልጃቸው ዘረጉላት።

‹‹ወረቀቱ ላይ ይውጣ›› አሉ። ‹‹ይሄም ይጻፍ። ሰው ፊት ይነበብ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ልስማው።››

ማተሚያ ቤቱ በአስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። እህታቸው ፎቶውን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች።